መሬት ፍለጋ

ሌሊት ካጠብሁት ከዚያው አውቶቡስ ላይ
ጠዋት ተሳፍሬ፣ በዊኒፔግ ሰማይ
የጭስ ማውጫው ጭስ ችካል መስሎ ሲታይ፣
ብርዱ ከዜሮ ሥር አርባ ሊደፍን ሲል፣
ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ስስል
የሞገድ ኩርባ ነው፤ ሽቅብ፣ ደሞ ቁልቁል፤
ጎማው ጉድጓድ ሲገባ እርሳሴ ይዘላል፣
ለስላሳው ሞገዴ ዳሸንን ያህላል።

አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። የክፍሉ ልጆች
"አባባ" አይሉኝም፤ አያውቁበትም፤
ግን ወንበር ይስቡልኛል። ይኼም አይጠላም።

ያገሬ ሰው የተማረን "ቀለም ቆጥሯል" ይላል፤
እኔስ በእውነት ቆጠርሁ፣ ቃሉ ደርሶብኛል፤
ጥቁሩ ዜሮ ነው፣ ቡኒው አንድ፣ ቀዩ ሁለት፣
ብርቱካኑ ሦስት፣ ቢጫው ሲሆን አራት፣
አረንጓዴው አምስት፤
ከሩዝ ፍሬ በማይሰፋ ወገብ ላይ የዞረ መቀነት።

አንድ ቀን ለቀልድ መሳቢያ አገላብጬ
አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ፈለግሁ ተቀምጬ፤
አምስት ሺህ አራት መቶ ኦም። ዕቃ ቤቷ ሳቀች፤
"አምስት ሺህ ስድስት መቶ አለ፣ ይቀርበዋል" አለች።
እንዲያ ያለ ተቃውሞ፣ በዚያ ቀለም፣
በዚህ መሳቢያ የለም።
ብቻዬን ሳቅሁ። ይህን ለማን ልተርጉም?

የጠረጴዛ ጓዴ ዳርሊን ናት፣ የሰሜን ሰው፤
መንደሯን መኪና የሚደርሰው
ሐይቁ ጠጥሮ መንገድ ሲሆን ብቻ ነው።
የስልክ ማማቸው በነፋስ ሲታመም
ባለሙያ በአውሮፕላን እስኪመጣ
ሦስት ቀን ይጠብቃሉ፣ አራት ቀን፤ አንድ ክረምት ዘጠኝ።
በዚያ ዘጠኝ ቀን ውስጥ አክስቷ ክሊኒክ ደወለች፤
ስልኩ ዝም አለ።
ዳርሊን ከዚህ በላይ አልነገረችኝም፣
እኔም አልጠየቅኋትም።
ብየዳዋ ግን እንደ ጤዛ ያበራል፤
አንዱም አይንጠባጠብም።

የመጨረሻው ፈተና ትንሽ ማሰራጫ ነው፤
ድምፃችን ከኮሪደሩ ማዶ እንዲሰማ ነው።
ሠራን። ኃይል ሰጠነው። መለሰ ጉርምርምታ፣
በሰከንድ ስልሳ ጊዜ፣ እንደ ንብ ቀፎ በማታ።
ትራንዚስተር ቀየርን፣ አንቴናውን አስረዘምን፣
አንዳችን ባንዳችን ሳናሳብብ አኮረፍን።

መምህር ኮዋልቹክ፣ ሠላሳ ዓመት ምሰሶ የወጣ፣
ጉልበቱን እየጎተተ ወደኛ መጣ፤
ጎንበስ ብሎ አየና "መሬቱስ?" አለን።
በእንግሊዝኛ ነው ያለው።
እኔ በአማርኛ ሰማሁት።

አባቴ በጎረምሳነቱ ይህችኑ ቃል
በሰልፍ ጮኾባታል፤ ሁለት ጥርስ ከፍሏል።
"ላራሹ" የሚል ተከታይ ነበራት ያን ጊዜ።
እኔም ይኸው በመለኪያ መርፌ አስሳታለሁ፣
ከሰሌዳው ጫፍ ጫፍ፣ ላቤን እየጠረግሁ።

ያገኘቻት ዳርሊን ናት፦ አንዲት ጥቁር ሽቦ፣
የተያያዘች መስላ ያልተያያዘች፤
ደብዛዛ፣ ቀዝቃዛ ብየዳ።
የኔ እጅ ናት። እንቅልፍ የበየዳት።

"ቃሉ መሬት ጠብ አይልም" ይባላል ለተከበረ፤
በእኛ ሙያ ግን ነገሩ ተቀየረ፤
መሬት ያልነካ ቃል
ከጠረጴዛ አይወርድም፣ እዚያው አጉረምርሞ ይቀራል።

ዳርሊን ማሰራጫውን ይዛ ኮሪደሩን ጨረሰች፣
መቀበያው እኔ ጋ፤ በቋንቋዋ ተናገረች፣
ረጅም ነገር። አንድም አልገባኝም፤
ግን ጥርት ያለ ነበር፣ ስታበቃ ትንፋሿ ሳይቀር።
ምናልባት የአክስቷን ስም ነው።
ምናልባት ስለ ምሳ ነው።

ሰባ ስምንት አገኘን። የቀነሰው ለብየዳው ነው።

ማታ ጋራዥ ገባሁ፤ አውቶቡሱ ቆሟል፤
ከኋለኛው ወንበር ሥር፣ ጠዋት ከተቀመጥሁበት፣
ጨውና አሸዋ የደረቀበት
የገዛ ጫማዬን ዱካ አገኘሁ።
ቧንቧውን ከፈትሁ።